‹‹በአካል ስንገናኝ እናወራለን››፦ ስልክ ላይ የምንፈራው ማንን ነው?

ሲልቨርስፕሪንግ_08 (ጥያቄውን የከፈተው)

ሰላም ለቤቱ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሀገር ቤት ካለ ቤተሰብ ጋር ስልክ ስታወሩ ወሬው የሚቆመው የት ላይ ነው? የኛ ጤፍ ላይ ነው የሚቆመው። እናቴን ‹‹ኩንታሉ ስንት ገባ?›› ስላት ‹‹ተወው እሱን፣ በአካል ስንገናኝ እናወራለን›› ትለኛለች። የጤፍ ዋጋ እኮ ነው! እህል በረንዳ ማንም እየጮኸ የሚጠራውን ለልጇ መንገር ትፈራለች። የሰፈሩን ጸጥታማ አታንሳው። ‹‹ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን›› ብላ ትዘጋዋለች።

እህቴ ‹‹እማዬ አበዛችው›› ትላለች። እኔ እንደዚያ ለማለት ይከብደኛል። እዚሁ እኔ የምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) ውስጥ አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ የአሜሪካ ዜጋ፣ ቤቱ እንደተቀመጠ ተሰልሏል። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ‹‹ኪዳኔ›› ነው የሚለው፤ እውነተኛ ስሙ እንዳይወጣ። ክሱ እንደሚለው በኢሜይል የመጣ አንድ የዎርድ ፋይል ነው ጣጣውን ያመጣው። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ተኩል ያህል ኮምፒውተሩ የስካይፕ ወሬውን እየቀዳ፣ ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚያየውን እየመዘገበ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨር ይልክ ነበር።

በ2014 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ላይ ከሰሰ። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገቡን ዘጋው። ስለላ አልተደረገም ብሎ ግን አይደለም። የውጭ መንግሥት እዚህ እንዲህ ላለ ጥፋት የሚጠየቀው ነገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሜሪካ ምድር ላይ ከተፈጸመ ነው፤ የናንተ ጉዳይ ውጭ ሀገር ታስቦ፣ ውጭ ሀገር ተሠርቶ የመጣ ነው አላቸው። ሰላዩ በአካል መጥቶ ሽቦ ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ኢሜይል ስለላከ አመለጠ!

እና ጥያቄዬ፣ እማዬ ልክ ናት ወይስ አበዛችው?

የጉለሌው

አላበዙም ወንድሜ። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር። እኛ ቤት ኮድ አለን። ‹‹ዝናብ አለ›› ማለት ሰፈሩ ተረብሿል ማለት ነው። ችግሩ ክረምት ሲገባ ነው። አምና ሐምሌ ላይ ካናዳ ላለው ወንድሜ ‹‹ዝናቡ እኮ ዘንድሮ በረታ›› ብዬው እንቅልፍ አጥቶ ከረመ።

ቢት_ከበርሊን

ሥራዬ የኮምፒውተር ደኅንነት ነው። ‹‹ሁሉንም ይሰማሉ›› ሲባል እናደዳለሁ። እንዲህ ሲባል ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ወይ አፉን ይዘጋል፣ ወይ ‹‹ምንም ብጠነቀቅ ዋጋ የለውም›› ብሎ ይተወዋል። የሆነውን በትክክል ማወቅ ይሻላል። ደግሞ የሆነው ተጽፏል።

ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው የጥሪ መዝገብ ነው። ማን ለማን ደወለ፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ ከየትኛው የኔትወርክ ምሰሶ ሥር ሆኖ። ይህንን ለማወቅ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አያስፈልግም፤ ቴሌ ሂሳብ ሲያስብ በራሱ የሚመዘገብ ነው። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 ባወጣው ሪፖርት ከ100 በላይ ሰዎችን አነጋግሯል። ታስረው የነበሩት ምን አሉ? መርማሪው የደወሉባቸውን ቁጥሮች ዝርዝር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ‹‹ይሄ የውጭ ቁጥር የማን ነው?›› እያለ እንደጠየቃቸው። የተቀዳ ድምፃቸውን ያሰሟቸውም አሉ።

ስለዚህ የጥያቄው ባለቤት፣ እናትህ የጤፉን ዋጋ ደበቁም አልደበቁም ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ያው ነው። ከሜሪላንድ ተደወለ፣ ይህን ያህል ደቂቃ ቆየ። የተባለው ሳይሆን መደወሉ ነው የሚመዘገበው። የእናትህ ዝምታ ወሬውን ነው የገደለው እንጂ መዝገቡን አላጠፋውም።

ሁለተኛው ስፓይዌር ነው፤ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ ተደብቆ የሚሰልል ፕሮግራም። ይሄ ውድ ነው፣ ሰው ተመርጦ ነው የሚላክበት። በ2013 የቶሮንቶው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ የሚባለውን አገኘ፤ ማጥመጃው የተቃዋሚው የግንቦት 7 መሪዎች ፎቶ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሁለት የኢሳት (ውጭ ሀገር ሆኖ የሚያሰራጨው ቴሌቪዥን) ሠራተኞችን ለማጥመድ ተሞከረ። መሣሪያው ሃኪንግ ቲም የሚባል የሚላን ኩባንያ ዕቃ ነበር። ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ለዋሽንግተን ፖስት ‹‹አልተጠቀምንም፣ የምንጠቀምበትም ምክንያት የለንም›› የሚል መልስ ሰጠ።

በ2015 ጁላይ ላይ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠለፈ። ሌባ ለሌባ ማለት ይሄ ነው! 400 ጊጋባይት የኩባንያው ጓዳ ሜዳ ላይ ተዘረገፈ። መሀሉ ላይ ምን ተገኘ? በ2012 ለኢንሳ፣ ለኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ የተቆረጠ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ደረሰኝ። የኩባንያው ሰዎች በኢሜይል ስለ ኢትዮጵያው ደንበኛ ሲያወሩ አጠቃቀሙ ግድየለሽና ዝርክርክ መሆኑን እያነሱ ያማርራሉ። ያስጨነቃቸው ስማቸው በጋዜጣ መነሳቱ ነው።

በ2017 የተጋለጠው ይብሳል። ሳይበርቢት የሚባል የእስራኤል ኩባንያ ዕቃ ነው። በ2016 ያኔ ሚኒያፖሊስ ለነበረው ለጃዋር መሐመድ ቪዲዮ ያለበት የሚመስል ሊንክ በኢሜይል መጣ። ስትከፍተው ‹‹ፍላሽ ፕሌየርህን አድስ›› ይላል፤ ማደሻው ነው ሰላዩ። ሲቲዝን ላብ ሲመረምረው የሰርቨሩ መዝገብ ያለ ምንም የይለፍ ቃል ክፍት ሆኖ አገኘው። ማን እንደተጠለፈ፣ ጠላፊው ከየት እንደገባ፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። 20 ሀገር ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች ነበሩበት። የሰውን ጓዳ የሚበረብር የራሱን በር አልዘጋም።

ሰላም_ወዳድ

ይቅርታ ግን የሁላችሁም ወሬ አንድ ወገን ነው። በ1995 አዲስ አበባ መሀል ሙባረክ ላይ ተተኩሷል። በ2013 ኦክቶበር ኢትዮጵያ ከናይጄሪያ በተጫወተችበት ዕለት ቦሌ አንድ ቤት ውስጥ ቦምብ ሲያዘጋጁ የነበሩ ሁለት ሰዎች ላይ ፈንድቶባቸዋል። ያ ስታዲየም አካባቢ ቢፈነዳ ኖሮስ? ጎረቤታችን አልሸባብ ነው። መንግሥት ጆሮውን ደፍኖ ይቀመጥ?

ደግሞ አሜሪካም ታደርገዋለች። ስኖውደን በ2013 ያወጣውን የአሜሪካ ስለላ ሚስጥር ረሳችሁት? እኔ በበኩሌ የምደብቀው ነገር የለኝም። ከፈለጉ ይስሙኝ፣ የሚሰሙት የዕቁብ ወሬ ነው።

አሮጌው_ራዲዮ

ልጄ ሰላም ወዳድ፣ ሳትቆጣ ስማኝ። በደርግ ጊዜ እኔም የምደብቀው አልነበረኝም። ከዚያ ወንድሜ ተፈለገ። የምደብቀው እሱ ሆነ።

ያን ጊዜ ቀበሌ ነበር፣ አብዮት ጠባቂ ነበር። ከውጭ የሚሰራጨውን የአማርኛ ዜና ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ ራዲዮኑን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተን ነው የምንሰማው። ጆሮ ጠቢውን ግን በመልኩ እናውቀው ነበር። ቡና ላይ ብቅ ካለ ወሬ እንቀይራለን፤ ‹‹እንዴት ነው ልጆቹ?›› እንለዋለን። ሲሄድ ወደ ወሬያችን እንመለሳለን። ቡና እየጠጣ ነው የሚሰልለን፤ እኛም እያጠጣን እንሸውደዋለን። አንዳንዱ ራሱ ‹‹ዛሬ እንዳታመሹ›› ብሎ ሹክ ይለን ነበር። ሰው ነዋ!

በኋላ አንድ ለአምስት መጣ። እሱም በሰው ነው፤ ተጠርናፊው ጠርናፊውን ያውቀዋል። ይሄ የበርሊኗ ልጅ የምትለው ግን ቡና ላይ አይቀመጥ፣ አይራራ፣ አይሰክር። ምኑን ነው የምንሸውደው?

ለሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እናትህን አትውቀሳት። እሷ ያንን ዘመን በዝምታ ነው ያለፈችው። ዝም አይነቅዝም ብላ ልጆቿን አሳድጋለች።

ቢት_ከበርሊን

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። እናቱን ለመውቀስ አልነበረም። ዝምታው ያኔ ይሠራ ነበር፣ አሁን ላይሠራ ይችላል ለማለት ነው።

ሰላም ወዳድ፣ አሜሪካም ታደርገዋለች ላልከው፦ አዎ፣ ታደርገዋለች። የኤን.ኤስ.ኤ (የአሜሪካው የስለላ መሥሪያ ቤት) ዋናው ጉድ ይኸው የጥሪ መዝገብ ነበር፤ የመላ ሀገሩን ሰብስቦ ማስቀመጥ። ሲጋለጥ ግን በ2015 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ‹‹ሕጉ ይህንን አይፈቅድም›› አለ፤ ኮንግረሱም በዚያው ዓመት በጅምላ መሰብሰቡን የሚያስቆም ሕግ አወጣ። አልጋ በአልጋ ሆነ አላልኩም፤ ዛሬም ይጨቃጨቁበታል። እኛ ጋ ግን የሚሊዮን ዶላሩ ደረሰኝ ሲወጣ ፓርላማ ቀርቦ የተጠየቀ ሰው አስታውሰኝ እስቲ።

አንቀጽ_26

ጠበቃ ነኝ፤ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ስሜን ያወጣሁት ከሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 26 ስለ ግል ሕይወት ነው የሚናገረው፤ ደብዳቤህም ስልክህም አይደፈርም ይላል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል።

ሰላም ወዳድ ያነሳው ፍርሃት ውሸት አይደለም። ግን እባክህ አንድ ነገር ልብ በል። የድሮው የፀረ ሽብር አዋጅ፣ 652/2001 (የአዋጆቹ ዓመት በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ራሱ ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚረግመው አዋጅ እንኳ! በ1176/2012 የተተካውም በመርህ ደረጃ ዳኛ ይፍቀድ ነው የሚለው። ችግሩ ሕግ አለመኖሩ አይደለም። የሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት የሚለውም ፈቃዱ በተግባር ብዙም አይጠየቅም ነበር ነው።

የ652 ትልቁ ጉድ ግን ሌላ ቦታ ነው። የደኅንነት መሥሪያ ቤት ሪፖርት ምንጩም፣ የተገኘበት መንገድም ሳይነገር ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል ይል ነበር። ጠበቃ ለሆነ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ላሳይህ። ዓቃቤ ሕግ አንድ ወረቀት ያቀርባል። ‹‹ተከሳሹ ከእገሌ ጋር በስልክ እንዲህ ተባብሏል›› ይላል። ‹‹ድምፁ የታለ?›› ትላለህ። የለም። ‹‹ማን ሰማው?›› አይነገርም። ‹‹ፈቃዱስ?›› አይነገርም። ምስክር የለ፣ መስቀለኛ ጥያቄ የለ። ከወረቀት ጋር ትከራከራለህ። ወረቀት ደግሞ አይደነግጥም፣ አይርበተበትም። የወንጀል ችሎት የቆመ ሁሉ ምስክር ሲርበተበት ስንት መዝገብ እንደሚፈርስ ያውቃል።

የዞን 9 ጦማሪዎችን ነገር ደግሞ አስታውሱ። በ2014 ኤፕሪል ስድስቱ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ። ክሱ ላይ ከተዘረዘረው አንዱ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነው፤ ‹‹ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ›› የሚባለው ማንም ሰው ከድረ ገጽ በነፃ የሚያወርደው መማሪያ። ቤትህን መቆለፍ ስለተማርክ ሌባ ነህ እንደማለት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው ገሚሱ ክሳቸው ተነሣ፣ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ያንን ጊዜ ማን ይመልስላቸዋል?

ሰላም_ወዳድ

እሺ የድሮውን ተውት፣ አዋጁም ተቀይሯል። ዳኛ እስኪፈቅድ ግን ቦምቡ ቢፈነዳስ?

አንቀጽ_26

ፖሊስ ቤት ለመበርበር ማዘዣ በየቀኑ ያወጣል፤ በዚህ ምክንያት ሥራ ቆመ ሲባል አልሰማሁም። ዳኛው ጠላፊውን አያስቆመውም። ስሙን ጽፎ፣ ምክንያቱን ጽፎ እንዲፈርም ነው የሚያደርገው። በኋላ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር። የማይፈለገውም ይሄው ፊርማ ነው።

ሰላም_ወዳድ

በፊርማው እስማማለሁ። በሌላው ግን አሁንም አልተስማማንም። በጦርነት ያለ ሀገር እንደ ስዊድን አይሆንም።

የኬላው

እናንተ ሚሊዮን ዶላር ትላላችሁ። የኛን ልንገራችሁ? ለሥራ ክፍለ ሀገር እመላለሳለሁ። ኬላ ላይ ‹‹ውረዱ›› እንባላለን፤ ‹‹ስልክህን ክፈት›› ይላል። ማዘዣ ብሎ ነገር የለም። ፓተርኑን ራስህ ትከፍትለታለህ። መጀመሪያ ጋለሪ ይገባል። ፎቶ በፎቶ እየገፋ፣ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የእህቴ ልጅ በዳይፐር። ከዚያ ቴሌግራም። ግሩፖቹን ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። አንድ ጊዜ ‹‹ይሄ ምንድነው?›› ብሎ የጠየቀኝ የእግር ኳስ ውርርድ ግሩፕ ነበር። ከጎኔ የነበረው ልጅ ግን ሰው የላከለትን ቪዲዮ ሳያጠፋ ተገኘ። እሱን አስቀርተው እኛን ‹‹ተሳፈሩ›› አሉን። አውቶቡሱ ውስጥ እስክንደርስ ድረስ ቃል የተነፈሰ የለም።

አሁን ጎበዝ የሆነ ሁሉ ስማርት ስልኩን ቤት ጥሎ ተራዋን ይዞ ነው የሚወጣው። ነጋዴ ከሆንክ ግን ቴሌብርህም ባንክህም እዚያው ላይ ነው፣ የት ትጥለዋለህ? ስለዚህ ከመሳፈሬ በፊት አጠፋለሁ። ምን እንደማጠፋ እንኳ አላውቅም። ዛሬ ደህና የሆነው ነገ ምን እንደሚባል ስለማይታወቅ የአክስቴን የለቅሶ ፎቶ ሳይቀር አጥፍቻለሁ። ሰው በዝቶበት ሰልፍ ይመስል ነበር።

የጉለሌው

አይ የኬላው! የለቅሶውን ስታጠፋ ግን አንጀቴን በላኸው።

ከሪሾን

እኔ የምጽፈው ከእስራኤል ነው። ሳይበርቢት ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። በዚያን ጊዜ የኤልቢት ቅርንጫፍ ነበር፤ ኤልቢት ደግሞ እዚህ ትልቁ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ውጭ የሚወጣው በመከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ ነው። የኛ ልጆች ሠራዊቱ ውስጥ አሉ፣ ግብር እንከፍላለን፣ ዘመዶቻችን ደግሞ ጎንደርና አዲስ አበባ ናቸው። በአንድ እጃችን ሻጭ፣ በሌላው ተሰላይ ሆንን ማለት ነው። እዚህ ካለው ማኅበረሰብ መሀል ይህንን ነገር ያነሳ ሰው ብዙም አልገጠመኝም። እናቴ ‹‹አርፈሽ ተቀመጪ›› አለችኝ፤ የሁላችንም እናት አንድ ናት መሰለኝ።

ሲልቨርስፕሪንግ_08

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎን። ቢት፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? ሲግናል ላስጭንላት?

ቢት_ከበርሊን

ሲግናል ጥሩ ነው። የወሬው ይዘት ከሁለታችሁ ስልክ ውጭ አይነበብም። ቴሌ የሚያየው ኢንተርኔት መጠቀማቸውን፣ ምናልባትም ሲግናል መሆኑን ነው፤ ለሜሪላንድ መደወላቸውን ከጥሪ መዝገቡ ላይ አያገኘውም። ዋትስአፕም ወሬውን ይቆልፋል። ቴሌግራም ግን ተራው ቻት ከዳር እስከ ዳር የተቆለፈ አይደለም፤ ሚስጥራዊ ቻት የሚለውን ካልከፈትክ በቀር። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። ቴሌግራምን የተቃዋሚ ምሽግ አድርጎ የሚያይ ስንት አለ!

ነገር ግን የኬላው የጻፈውን ደግመህ አንብብ። ስልኩ ተከፍቶ ከተሰጠ የትኛውም መቆለፊያ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የእናትህ ሲግናል ላይ መልእክቱ ራሱ የሚጠፋበትን ሰዓት አስተካክል። መተግበሪያው መኖሩ ብቻ ጥያቄ የሚያስነሳበት አካባቢ ከሆኑ ግን አታስጭናቸው፤ እሱን ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ሌላው አሰልቺ ነው፤ ስልኩን አድስ፣ የማታውቀውን ፋይል አትክፈት፣ የምታውቀው ሰው የላከውም ቢሆን ‹‹ላክህ እንዴ?›› ብለህ ደውለህ ጠይቅ። የኢሳቶቹም የጃዋርም ነገር እንደዚሁ ነው የጀመረው፤ በአንድ ፋይል፣ በአንድ ሊንክ።

ሲልቨርስፕሪንግ_08

ገባኝ። አንድ ጥያቄ ለጠበቃው። እማዬ የፋይዳ መታወቂያ አውጥታለች። የአሥር ጣቷን አሻራ፣ የዓይኗን ብሌን፣ ፎቶዋን ሰጥታ 12 አኃዝ ይዛ ተመለሰች። ባንክም ጠይቋታል። የጤፍ ዋጋ የምትደብቅ ሴት የዓይኗን ብሌን ስትሰጥ ምንም አልመሰላትም። እሱስ የት ነው የሚቀመጠው? ማንስ ነው የሚያየው ብሎ መጠየቅ ይቻላል?

አንቀጽ_26

ፋይዳን ከስልክ ጠለፋ ጋር ባትደባልቀው ጥሩ ነው። መታወቂያ ያስፈልጋል። ቀበሌ ለቀበሌ ስንንከራተት የኖርን እናውቀዋለን። የዲጂታል መታወቂያው አዋጅ፣ 1284/2015፣ ስለ መረጃ አያያዝ የሚለው አለው። ከሱ በኋላ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ አዋጅ ስለ ራስህ የተያዘውን መረጃ ማወቅ፣ ስህተት ካለው ማስተካከል መብትህ ነው። የብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ሲሆን ልዩ ሁኔታ አለው፤ ያቺ ቀዳዳ ምን ያህል እንደምትሰፋ የምናየው ሰው ሲጠይቅ ነው።

እስካሁን ቢሮዬ መጥቶ ‹‹ስለኔ ምን መረጃ ይዛችኋል ብዬ ልጠይቅ›› ያለ ደንበኛ የለኝም። ስለ ስለላ የሚያማርር ግን በየሳምንቱ አለ።

የኬላው

እኔ እጠይቃለሁ። ከቴሌ እጀምራለሁ። ደብዳቤው ምን ተብሎ ነው የሚጻፈው?

አሮጌው_ራዲዮ

ልጄ፣ ብቻህን አትሂድ። ጠያቂው አንድ ሰው ሲሆን ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔም ስሜን እጨምራለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርጉኛል!

ሰላም_ወዳድ

እኔም አለሁበት። የዕቁብ ወሬዬን ምን ያህል እንደሚያውቁት ልየው እስቲ።

አንቀጽ_26

ጥሩ። አንድ ገጽ አትሞላም። አንቀጹን ጠቅሼ ረቂቁን ነገ ማታ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ እያንዳንዳችሁ በየስማችሁ አድርጋችሁ ገቢ አስደርጉ፣ ቀሪው ላይ ማኅተም ማስመታት አትርሱ። ስልክ ቁጥራችሁን ግን እዚህ እንዳትጽፉ።